ሲስተሙ ሳይወድቅ ጥሩን፤ ለቦርድ አባላትና ለዋና ሥራ አስፈጻሚዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

የተከበራችሁ የቦርድ ሰብሳቢዎችና አባላት፣
የተከበራችሁ ዋና ሥራ አስፈጻሚዎች፣

የምሠራበትን ድርጅት ቦርድ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት ያየሁት ሲስተሙ በወደቀ በሦስተኛው ቀን ነው። የቴክኖሎጂ ኃላፊ ሆኜ ከተሾምኩ አራት ዓመት አልፎኝ ነበር። በእነዚያ አራት ዓመታት አንድም ቀን ወደዚያ ክፍል አልተጠራሁም። ያን ቀን ግን ስደርስ ሁሉም ተቀምጠው ይጠብቁኝ ነበር። ሦስት ሌሊት በቅጡ አልተኛሁም። አንድ በዕድሜ የገፉ አባል ቁጣ በሌለበት ድምፅ "ልጄ፣ ይህ እንደሚመጣ አታውቅም ነበር?" አሉኝ።

አውቅ ነበር። ከስምንት ወር በፊት በጽሑፍ አሳውቄያለሁ። ጽሑፉ የሄደው ለቅርብ አለቃዬ፣ ለፋይናንስ ኃላፊው ነው። እሳቸው ጋ ደርሶ እዚያው ቀረ። በክፋት አልነበረም። "የዳታቤዝ ሰርቨሩ የድጋፍ ጊዜ አልፏል፤ ባክአፑም ይሠራ እንደሆነ ተሞክሮ አያውቅም" የሚለው ጽሑፍ ለእሳቸው አንድ ተራ የግዢ ጥያቄ ነው። ከመኪና ጎማና ከቢሮ ወንበር ጋር ተሰልፎ ለሚቀጥለው የበጀት ዓመት ተላለፈ።

ይህን እዚያ ቆሜ መናገር አልቻልኩም። አለቃዬ አጠገቤ ተቀምጠዋል። "ይቅርታ እንጠይቃለን፤ እየሠራንበት ነው" ብዬ ወጣሁ።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ያን ቀን ያልተናገርኩትን ለመናገር ነው። ያንን ድርጅት መክሰስ አልፈልግም፤ አሁን እዚያ አልሠራም። ከዚያ ወዲህ ግን ከሙያ ባልደረቦቼ ጋር በተገናኘን ቁጥር ተመሳሳይ ታሪክ እሰማለሁ። የድርጅቱ ዓይነት ይለያያል፣ የሲስተሙ ስም ይለያያል፣ ነገሩ ግን ያው ነው። የተጣለብን ኃላፊነት እጥፍ ድርብ ሆኗል። የተቀመጥንበት ወንበር ግን ንቅንቅ አላለም።

ወንበሩ እዚያ የተቀመጠበት ምክንያት አለው። ኮምፒውተር ወደ መሥሪያ ቤት ሲገባ መጀመሪያ የተሰጠው ሥራ ደመወዝ ማስላትና ሂሳብ መመዝገብ ነበር። ስለዚህ ማሽኑም፣ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሱት ሰዎችም ከሂሳብ ክፍል ሥር ሆኑ። ለዚያ ዘመን ልክ ነበር። የኃላፊው መጠሪያም የዳታ ፕሮሰሲንግ ማናጀር ነበር። በ1980ዎቹ መጀመሪያ (በዚህ ደብዳቤ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዊሊያም ሲኖት የተባለ የአንድ የቦስተን ባንክ ኃላፊ አዲስ ሐሳብ ይዞ ብቅ አለ። መረጃ እንደ ገንዘብና እንደ ሰው ኃይል ሁሉ የድርጅት ሀብት ነው አለ። ገንዘቡን የሚመራ ሰው ከላይ ከአመራሩ ጋር ከተቀመጠ፣ መረጃውን የሚመራውም እዚያው መቀመጥ አለበት ማለቱ ነው። ሲአይኦ (የመረጃ ዋና ኃላፊ) የሚለው መጠሪያ የተስፋፋው ከዚያ ወዲህ ነው። በ1996 ደግሞ አሜሪካ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶቿ እንዲህ ያለ ኃላፊ እንዲሰይሙ በሕግ አዘዘች።

ሐሳቡ ከተነገረ ከ40 ዓመት በላይ ሆኖታል። ዛሬም ግን በስንት ድርጅት የቴክኖሎጂ ኃላፊው ተጠሪነት ለፋይናንስ ወይም ለአስተዳደር ነው! ለምን ብላችሁ ብትጠይቁ "ድሮም እንዲህ ነው" ከማለት ያለፈ መልስ አታገኙም።

ድሮ እኮ ኮምፒውተር ቢበላሽ ሥራ አይቆምም ነበር። ሰው ወደ መዝገቡና ወደ ካርቦን ወረቀቱ ይመለሳል። ዛሬ የሚመለስበት ወረቀት የለም። ደንበኛ መስኮት ላይ ቆሞ "ሲስተም የለም" ሲባል ድርጅቱ ራሱ የለም ማለት ነው። ይህ ለውጥ አንድ ቀን በአዋጅ አልመጣም። ቀስ እያለ ገባ። አንድ ፎርም ወደ ኮምፒውተር ሄደ፣ ከዚያ አንድ አገልግሎት፣ ከዚያ ክፍያው፣ ከዚያ ደንበኛው ራሱ በስልኩ ገባ። በመጨረሻ አይቲ ክፍል የምትሉት ቦታ የድርጅቱ ልብ ሆነ። ስሙና ደረጃው ግን የድጋፍ ሰጪ ክፍል እንደሆነ ቀረ።

የእኔም ሥራ አብሮ ተለወጠ። ስጀምር ኬብል እስብ ነበር፣ ፕሪንተር እጠግን ነበር፣ ፓስወርድ የረሳ ሰው ሁሉ በስሜ ይጠራኝ ነበር። ያንን ሥራ እወደው ነበር። አሁን የቀኔን ትልቁን ክፍል የምሰጠው ለውል ማንበብ ነው። ከ2006 ወዲህ፣ አማዞን ሰርቨሮቹን በኪራይ ማቅረብ ከጀመረ በኋላ፣ ማሽኑ ከእኛ ቤት እየወጣ ሄደ። ማርኬቲንግ የራሱን ሶፍትዌር በካርድ ይገዛል፣ የሰው ኃይል ክፍሉም የራሱን። እኔ የማውቀው ሲበላሽ ነው። ስለዚህ ዛሬ የቴክኖሎጂ ኃላፊ ማለት ግማሹ ጠበቃ፣ ግማሹ የአደጋ ተንታኝ፣ ግማሹ አደራዳሪ ነው። ሦስት ግማሽ እንደማይደመር አውቃለሁ፤ የምንሠራው ሰዓት ግን እንደዚያ ነው።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው እንድታዝኑልን አይደለም። ጥፋት ሲመጣ ተጠያቂነቱ በአካል ወደ እኛ እየመጣ ስለሆነ ነው። እዚህ ላይ አንድ ታሪክ በዝርዝር ልንገራችሁ። እያንዳንዱ የቦርድ አባል ሊያውቀው ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ቲኤስቢ የሚባል የእንግሊዝ ባንክ አለ። በ2018 ኤፕሪል ወር፣ በአንድ ቅዳሜና እሑድ፣ የደንበኞቹን ሂሳብ ሁሉ ከድሮው ሲስተም ወደ አዲስ ሲስተም አዛወረ። መረጃው ተዛወረ፤ ሲስተሙ ግን ሊሸከመው አልቻለም። እስከ 1.9 ሚሊዮን የሚደርሱ ደንበኞች ወደ ሂሳባቸው መግባት አቃታቸው። የሌላ ሰው ሂሳብ የታያቸውም ነበሩ። አገልግሎቱ ሙሉ በሙሉ ወደ ቦታው እስኪመለስ ድረስ ወራት ፈጀ። ዋና ሥራ አስፈጻሚው በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ከሥራ ለቀቁ። በ2022 ተቆጣጣሪዎቹ ባንኩን 48.65 ሚሊዮን ፓውንድ ቀጡት።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። በ2023 ኤፕሪል የባንኩ የቀድሞ የቴክኖሎጂ ኃላፊ በግላቸው 81,620 ፓውንድ ተቀጡ። ከራሳቸው ኪስ ማለት ነው። ጥፋታቸው ምን ነበር? አዲሱን ሲስተም የሚሠራው የባንኩ ባለቤት የሆነው ኩባንያ ሌላ ድርጅት፣ ማለትም የባንኩ እህት ድርጅት ነበር። "ዝግጁ ነን" ሲላቸው በቂ ማጣሪያ ሳያደርጉ ተቀበሉ ነው የተባሉት።

ፍርዱ ልክ አይደለም አልልም። ኃላፊነት የወሰደ ሰው መጠየቅ አለበት። ግን አብራችሁ ይህንንም ተመልከቱ። በ2019 የወጣው ገለልተኛ ምርመራ ስለ ቦርዱም ጽፏል። ሥራው መጀመሪያ ከተያዘለት ቀን ዘግይቶ አዲስ ዕቅድ ወጥቶ ነበር። አንዳንዶቹ ሥራዎች እስከ ሰባት ወር ወደኋላ ቀርተዋል። አዲሱ ዕቅድ ግን ቀኑን በአራት ወር ገደማ ብቻ ነው ያራዘመው። ሰባት ወር የዘገየ ሥራ በአራት ወር እንዴት ይደርሳል? ይህን ለመጠየቅ ኮድ መጻፍ አያስፈልግም። መደመርና መቀነስ ይበቃል። ምርመራው ቦርዱ ሊጠይቃቸው የሚገቡ እንዲህ ያሉ ጥያቄዎችን አልጠየቀም አለ።

ይህን ባነበብኩ ቁጥር ሆዴ ይባባል። ምክንያቱም እኔም እንዲህ ያለ ስብሰባ ውስጥ ተቀምጫለሁ። ቀኑ ተነግሯል። ማስታወቂያው ወጥቷል። የበላይ ኃላፊው በአደባባይ ቃል ገብተዋል። ከዚያ በኋላ አንድ ሰው እጁን አውጥቶ "አልደረስንም" ማለት ምን ያህል እንደሚከብድ የቀመሰው ያውቀዋል። ከባልደረቦቼ አንዷ፣ የሙከራ ቡድኑን የምትመራ ጎበዝ ልጅ፣ አንድ ጊዜ እጇን አወጣች። "አፍራሽ አትሁኚ፤ መፍትሔ ይዘሽ ነይ" ተባለች። መፍትሔው እኮ በእጇ ነበር፤ ቀኑ ይራዘም ነው ያለችው። ማንም እንደ መፍትሔ አልቆጠረላትም። ከዚያ ቀን ወዲያ በስብሰባ ላይ ስትናገር አልሰማኋትም። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብለን ገፋንበት። የሆነውም ሆነ።

እንግዲህ የመጀመሪያው ልመናዬ ይህ ነው። የቴክኖሎጂ ኃላፊያችሁ "ይቁም" የማለት መብት ይኑረው። ምክር መስጠት ብቻ ሳይሆን የማቆም መብት። አዲስ ሲስተም ሥራ የሚጀምርበት ቀን፣ እኛ ጎ ላይቭ የምንለው፣ ያለ እሱ ፊርማ አይጽና። እሱ አይሆንም ካለና ዋና ሥራ አስፈጻሚው ይሁን ካሉ፣ ልዩነቱ በጽሑፍ ወደ ቦርድ ይምጣና እናንተ ወስኑ። ያኔ ኃላፊነቱ የት እንዳለ ግልጽ ይሆናል። አብራሪ ሞተሩ አልተስተካከለም ብሎ አልነሳም ሲል ተሳፋሪው ቢቆጣም አየር መንገዱ ይሰማዋል። ለእኛም ያንን ያህል ጆሮ ብቻ ነው የምንጠይቀው።

ሁለተኛው ነገር መስመሩ ነው። ማን ለማን ነው ሪፖርት የሚያደርገው? ይህ የቢሮ ጣጣ፣ የስልጣን ሽኩቻ ይመስላችሁ ይሆናል። ኢኪፋክስን ተመልከቱ። የሰዎችን የብድር ታሪክ የሚይዝ የአሜሪካ ኩባንያ ነው። በ2017 የ147 ሚሊዮን ያህል ሰዎች መረጃ ተሰረቀበት። ሌቦቹ የገቡበት የሶፍትዌር ቀዳዳ ከወራት በፊት ይታወቅ ነበር። መድፈኛው፣ ፓች የምንለው፣ በማርች ወጥቷል። ሌቦቹ በሜይ ገብተው እስከ ጁላይ መጨረሻ ማንም ሳያያቸው ሠሩ። ለምን አልታዩም? የኔትወርኩን ትራፊክ የሚመረምረው መሣሪያ የዲጂታል ሰርተፊኬቱ ጊዜ አልፎበት ለ19 ወር ያህል ዓይኑ ታውሮ ነበር። አንድ ሰርተፊኬት ሳይታደስ በመቅረቱ ማለት ነው።

ቀጥሎ ያለው ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ አስገርሞኛል። የአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ በ2018 ባወጣው ሪፖርት እንደተጻፈው፣ የኩባንያው የደህንነት ኃላፊ ተጠሪነቷ ለቴክኖሎጂ ኃላፊው አልነበረም፤ ለሕግ ክፍሉ ነበር። ይህ አደረጃጀት የመጣው ከዓመታት በፊት በቦታው የነበሩ ሁለት ኃላፊዎች ስላልተስማሙ ነው። ሰዎቹ ሄዱ፤ መስመሩ ግን ቀረ። ቀዳዳ እንዳለ የሚያውቀው ክፍልና ቀዳዳውን የሚደፍነው ክፍል በሁለት የተለያዩ ቤቶች ተቀመጡ። የቀድሞው ዋና ሥራ አስፈጻሚ ምስክርነት ደግሞ ጥፋቱን በአንድ ማስታወቂያውን ባላስተላለፈ ሠራተኛ ላይ ጣለ። ለ147 ሚሊዮን ሰው መረጃ አንድ ሰው! እኔ ያንን ሠራተኛ አስባለሁ። ማንነቱን አላውቅም። ግን እንዲህ ያለ ሰው በየድርጅቱ አለ። በጸጥታ ይሠራል፣ በወደቀ ቀን ስሙ ይነሣል።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ብዙ ድርጅት ወንበሩን የሚያስተካክለው ከተዘረፈ በኋላ ነው። ሲቲባንክ በ1994 በኮምፒውተር ሰርገው የገቡ ሌቦች ወደ 10 ሚሊዮን ዶላር ለማዛወር ከሞከሩበት በኋላ ስቲቭ ካትዝን ቀጠረ። ካትዝ በዓለም የመጀመሪያው የመረጃ ደህንነት ዋና ኃላፊ ተብሎ ይታወቃል። ታርጌት የተባለው የአሜሪካ የችርቻሮ ኩባንያም በ2013 የ40 ሚሊዮን ካርድ መረጃ ተሰርቆበት፣ የቴክኖሎጂ ኃላፊዋ በ2014 ማርች፣ ዋና ሥራ አስፈጻሚው በሜይ ከለቀቁ በኋላ ነው የመጀመሪያውን የደህንነት ዋና ኃላፊ የሾመው። እናንተ ግን ጅቡ ሳይመጣ ማድረግ ትችላላችሁ።

የእኔ አቋም ይህ ነው። የቴክኖሎጂ ኃላፊው ተጠሪነት በቀጥታ ለዋና ሥራ አስፈጻሚው ይሁን። የደህንነት ኃላፊው ደግሞ፣ በየትም ክፍል ቢቀመጥ፣ በዓመት ጥቂት ጊዜ አለቃው በሌለበት ከቦርዱ ጋር የሚነጋገርበት በር ይከፈትለት። የውስጥ ኦዲተራችሁ እንዲህ ያለ በር አለው። ሂሳብ የሚመረምረው ሰው አለቃውን ሳይፈራ እንዲናገር ለምን እንደፈለጋችሁ ታውቁታላችሁ። እዚህም ምክንያቱ ያው ነው።

ስለ ገንዘብም ትንሽ ልበል። ጥገና የሚባለው በጀት ሁልጊዜ መጀመሪያ ይቆረጣል። አዲስ ነገር ይመረቃል፣ ሪባን ይቆረጥለታል፤ የቆየ ሲስተም ማደስን ግን ማንም አያጨበጭብለትም። ሳውዝዌስት የተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ በ2022 ዲሴምበር ላይ የገጠመውን አስታውሱ። ከባድ የክረምት ማዕበል መጣ። ሌሎቹ አየር መንገዶች በጥቂት ቀን ተነሡ። እሱ ግን የበረራ ሠራተኞቹን የሚመድበው ሲስተም ለውጡን መከታተል አቅቶት ማን የት እንዳለ እንኳ ጠፋበት። ወደ 17 ሺህ የሚጠጉ በረራዎች ተሰረዙ። 2 ሚሊዮን ያህል መንገደኛ በበዓል ሰሞን ተንገላታ። የሠራተኛ ማኅበራቱ ሲስተሙ አርጅቷል ብለው ለዓመታት ሲያስጠነቅቁ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት መንግሥት የ140 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ጣለበት። ጆሮ ዳባ ልበስ ማለት እንዲህ ያስከፍላል።

አሁን ወደ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ልምጣ። ሁላችሁም የምታወሩት እሱን ነው።

አዲስ ነገር በመጣ ቁጥር አዲስ መጠሪያ ይወለዳል። ሲአይኦ ነበር፤ ሲቲኦ (የቴክኖሎጂ ዋና ኃላፊ) መጣ፤ ቀጥሎ የዲጂታል ኃላፊ፣ የዳታ ኃላፊ፣ የደህንነት ኃላፊ። በ2024 ማርች የአሜሪካ መንግሥት መሥሪያ ቤቶቹ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ዋና ኃላፊ እንዲሰይሙ አዘዘ። ብዙ የግል ኩባንያዎችም ይህንኑ እያደረጉ ነው። መጠሪያው ራሱ ችግር የለበትም። ሥራው ከባድ ስለሆነ ሙሉ ጊዜውን የሚሰጠው ሰው ማግኘቱ መልካም ነው። የሚያሳስበኝ አምስት ሰው ተሹሞ አንድ ጥያቄ ሲነሣ አምስቱም "የእኔ አይደለም" የሚሉበት ቀን ነው። ዳታው የዳታ ኃላፊው ነው፣ ሞዴሉ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኃላፊው፣ ሰርቨሩ የእኔ፣ ውሉ የሕግ ክፍሉ። ደንበኛው የተጎዳበት ነገር ግን የማን ነው?

ኤር ካናዳ የተባለው አየር መንገድ በ2024 ፌብሩዋሪ ይህን ጥያቄ ፊት ለፊት ገጠመው። በድረ ገጹ ላይ ያለው ቻትቦት፣ ለደንበኛ ጥያቄ በራሱ የሚመልሰው ፕሮግራም፣ ዘመድ ለሞተበት መንገደኛ የተሳሳተ መረጃ ሰጠ። ሙሉ ዋጋ ከፍለህ ሂድ፣ የሐዘን ቅናሹን በኋላ መጠየቅ ትችላለህ አለው። ሰውየው አምኖ ገዛ። በኋላ ሲጠይቅ ተከለከለ። ጉዳዩ ዳኝነት ፊት ሲቀርብ ኩባንያው ቻትቦቱ ለሚናገረው ራሱ ተጠያቂ ነው የሚል ዓይነት ክርክር አቀረበ። ዳኛው አልተቀበሉትም። በድረ ገጹ ላይ ላለው ነገር ሁሉ ተጠያቂው ኩባንያው ነው ብለው ካሳ እንዲከፍል ወሰኑ። ገንዘቡ ትንሽ ነበር፤ ሺህ የካናዳ ዶላር እንኳ አልሞላም። ነገሩ ግን ትልቅ ነው። ያ ቻትቦት ሥራ ሲጀምር የሚናገረውን ከኩባንያው መመሪያ ጋር ያመሳከረ ሰው ማን ነበር? እኔ በእናንተ ቦታ ብሆን ዛሬ በድርጅቴ ውስጥ ከደንበኛ ጋር የሚያወራ ማሽን ካለ፣ ለሚናገረው ቃል ፊርማውን ያኖረውን ሰው ስም እጠይቃለሁ። የአንድ ሰው ስም፤ የክፍል ስም አይበቃኝም።

ደግሞም እባካችሁ፣ ኤግዚቢሽን ላይ ያያችሁትን ነገር ውል ፈርማችሁ አታምጡልን። ይህን በአክብሮት ነው የምለው። ዴሞ፣ ሻጩ የሚያሳየው ማሳያ፣ ሁልጊዜ ያምራል። የሻጩ ዳታ ንጹሕ ነው፣ የእኛ ዳታ ግን ሃያ ዓመት የተከማቸ፣ አንዱ ደንበኛ በሦስት ስም የተመዘገበበት ነው። ሰው ሠራሽ አስተውሎት በዚያ ላይ ሲሠራ ስሕተቱን በሚያምር ቋንቋ መልሶ ይነግረናል። ከመፈረማችሁ በፊት ለሁለት ሳምንት አስጠሩን። በራሳችን ዳታ እንሞክረው። ብዙ ጊዜ "ይሆናል፤ መጀመሪያ ግን ይህ ይስተካከል" እንላችኋለን። አንዳንዴም "አይሆንም" እንላለን። ሠራተኛው የደንበኛን መረጃ ገልብጦ በነጻ በሚገኝ ቻትቦት ላይ እየለጠፈ እንደሆነም የምንነግራችሁ እኛ ነን፤ ዛሬውኑ በብዙ ቢሮ እየሆነ ነው።

ሕጉም ወደ እናንተ እየመጣ ነው። ከጃንዋሪ 17 ቀን 2025 ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት ሥራ ላይ የዋለው ዶራ የተባለው ደንብ፣ ለፋይናንስ ተቋማት የቴክኖሎጂ አደጋ የመጨረሻው ኃላፊነት የአመራር አካሉ ነው ይላል። አባላቱ ስለ ጉዳዩ ያላቸውን ዕውቀት በየጊዜው እንዲያድሱም ያዛል። የአሜሪካው የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪም በ2023 ባወጣው ደንብ፣ ኩባንያዎች የደረሰባቸው የሳይበር ጥቃት ከባድ መሆኑን ካረጋገጡ በኋላ በአራት የሥራ ቀን ውስጥ ይፋ እንዲያደርጉ አዟል። "የአይቲ ጉዳይ ነው" ብሎ ማለፍ የሚቻልበት ጊዜ እያበቃ ነው።

ለሙያ ባልደረቦቼም የምለው አለኝ፤ ደብዳቤው ግልጽ ስለሆነ እነሱም ያነቡታል። እኛም ጥፋት አለብን። ለዓመታት በራሳችን ቋንቋ ስናወራ ኖርን። ሲስተሙ ከመውደቁ ስምንት ወር በፊት የጻፍኩትን ያን ጽሑፍ በቅርቡ መልሼ አነበብኩት። ሁለት ገጽ ነው። የሶፍትዌር ቨርዥን ቁጥር ሞልቶታል። "ይህ ማሽን ከቆመ ለሦስት ቀን ለማንም ደንበኛ አገልግሎት መስጠት አንችልም" የሚል ቃል ግን አንድ ቦታ የለበትም። ቢኖርበት ኖሮ አለቃዬ ያልፉት ነበር? እርግጠኛ አይደለሁም። ግን ያንን ዕድል አልሰጠኋቸውም። ስለዚህ ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ አደጋውን በደንበኛ፣ በቀንና በገንዘብ ቋንቋ ጻፉ። አንዳንዶቻችንም ሲስተሙን እኛ ብቻ እንድናውቀው አድርገን ይዘነዋል። እንደ ዋስትና አይተነው ይሆናል። የበታቾቻችንን ማሰልጠንና ሰነድ ማስቀመጥ የሥራችን ግማሽ ነው።

መጥፎ ዜናም አትደብቁ። ታክሲ በስልክ የሚጠራበት የኡበር ኩባንያ የደህንነት ኃላፊ የነበሩት ሰው በ2022 በፍርድ ቤት ጥፋተኛ የተባሉት ድርጅቱ በመጠቃቱ አይደለም፤ በ2016 የ57 ሚሊዮን ተጠቃሚዎችና ሾፌሮች መረጃ መወሰዱን ከተቆጣጣሪዎች ስለሸሸጉ ነው።

ወደ እናንተ ልመለስ። ሌሊት ስልካቸው ሲጮህ የሚነሡ ልጆች አሏችሁ። ብዙዎቹን በስም አታውቋቸውም። በዓል ቀን ላፕቶፕ ይዘው የዘመድ ቤት ይሄዳሉ። ሁሉ ነገር ሲሠራ ማንም አያስታውሳቸውም፤ ሥራቸው ሲሳካ የማይታይ ነውና። እነሱን የሚወክላቸው ሰው በጠረጴዛችሁ ዙሪያ ከሌለ፣ ሲደክሙ አታዩም፣ ሲለቁም ለምን እንደለቀቁ አትሰሙም።

በሚቀጥለው መደበኛ ስብሰባችሁ ላይ ግማሽ ሰዓት መድቡ። የቴክኖሎጂ ኃላፊያችሁን ጥሩት፣ ወይም ጥሯት። ሲስተሙ በደህና በሚሠራበት ቀን ይሁን። ስላይድ አያስፈልግም። የቅርብ አለቃው ለዚያ ግማሽ ሰዓት ወጣ ይበሉ። ወንበር ስጡት፣ እንደ ተከሳሽ አይቁም። ከዚያ ያ አዛውንት አባል እኔን የጠየቁኝን ጥያቄ ቀድማችሁ ጠይቁት። ቀጥላችሁም "ጽፈህ እኛ ጋ ሳይደርስ የቀረ ነገር አለ?" በሉት። ታገሡት፤ መጀመሪያ ዝም ሊል ይችላል።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
ለብዙ ዓመታት በቴክኖሎጂ ኃላፊነት የሠራ ባለሙያ